ከዘበኛው ጋር የተቋጠርኩበት ቅዳሜ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ የአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ... ጎንደር፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። መምህርታችን ሴት ልጅም አገሯ እንዴት እንደምትገዛ ማወቅ አለባት ብላ ስምንተኛ ክፍል የነበርነውን ሴቶች በየመሥሪያ ቤቱ በትናናለች። ለእኔ የገዥው ቢሮ ደረሰኝ።

ገዥው ግራዝማች ግን የሉም። ክርስትና ተጠርተው ሄደዋል። ዘበኛው አያ ታከለ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አሳይተውኝ ቁርስ ሊቀምሱ ወጡ።

አጠገቤ ከትክል ድንጋይ አገር የመጡ ሁለት ገበሬዎች ተቀምጠዋል፣ የጋቢያቸው ጫፍና ጫፍ እንደተቋጠረ። ያኔ ባላገሩ ሲካሰስ እንዲህ ተቋጥሮ ይመጣል፤ የሚፈታውም ዳኛ ፊት ሲቀርብ ነው። የአንደኛው አህያ የሌላውን ሽምብራ በልታ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ግራዝማችን ሲጠብቁ፣ አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲተኙ... በዚህ መሀል ታርቀዋል። ግን በገዛ እጃቸው ከተፈቱ ዋሶቻቸው ይያዛሉ።

ባለ አህያው ደግሞ ነገ ልጁን ይድራል።

«ልጄን ከባላጋራዬ ጋር ተቋጥሬ ልመርቃት?» አለኝ፤ እንባው ቀርቧል።

ባለ ሽምብራው አንገቱን ደፋ። «እኔስ ያልተጠራሁበት ሰርግ በምን ፊቴ እገባለሁ?»

ተማሪ መሆኔን፣ የመጣሁትም የመንግሥትን ሥራ ልማር መሆኑን ነገርኳቸው።

«እንግዲያማ ሸጋ ነው፤ በኛ ጀምሪያ» አለ ባለ አህያው።

አንጀቴን በሉት። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ጭምር ታግዬ ፈታሁት። መርቀውኝ ሄዱ። ባለ ሽምብራው መንገድ ላይ ለሰርጉ ተጠራ መሰለኝ፣ እየተሳሳቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግራዝማች መጡ። አያ ታከለ ከእኔ የሰሙትን አስረዱ። በቃ ከትምህርት ቤት ተባረርኩ አልኩ በልቤ። ግራዝማች ግን አልተቆጡም፤ ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ... አሰቡ። ከዚያ ቋጠሮ እፊታቸው ሳይፈታ ነገር እንደማይዘጋ፣ ስለዚህ በሄዱት ሰዎች ምትክ ሌላ ሰው መቋጠር እንዳለበት ወሰኑ።

የእኔ ነጠላ ከአያ ታከለ ጋቢ ጋር ተቋጠረ።

«አንተ ባለ ሽምብራ ነህ፣ አንቺ ባለ አህያ። ታረቁና ልፍታችሁ» አሉ።

እኔ ወዲያው ታረቅሁ። አያ ታከለ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አልታረቅም፣ ጌታዬ። ሽምብራዬ ተበልቶብኛል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር... ሰውዬው የምራቸውን ነው። ማሳውን ስንቴ እንዳረሱት፣ ድንጋዩን እንዴት እንደለቀሙት፣ አህያዬ እሸቱን እየመረጠች እንዴት እንደጨረሰችው ሲዘረዝሩ ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ያዳምጡ ጀመር። በመጨረሻ ክርክሩ ከባድ ነው፣ ለሰኞ ተቀጥራችኋል ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ።

እስከ ሰኞ... ከዘበኛ ጋር! እናቴን ምን እላታለሁ?

«ምነው አያ ታከለ? በሌለ ሽምብራ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ይህን በር ስጠብቅ አረጀሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አቤት ብዬ አላውቅም። ዛሬ ሰሙኝ እኮ።»

ግራዝማች ከበሩ ሳይወጡ ጮክ ብዬ አህያዬ መብላቷን አመንኩ። ለአያ ታከለ ተፈረደላቸው፤ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። እኛም ተፈታን።

ሰኞ ጓደኞቼ ስለ ግብር፣ ስለ ማዘጋጃ ቤት የተማሩትን ሲያወሩ እኔ ጥፋተኛ ሆኜ መገኘቴን ተናገርኩ። መምህርታችን ደጋግማ አስረጂኝ ብትለኝም አልገባትም።

አያ ታከለ እስኪሞቱ ድረስ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ አህያሽን እሰሪያት» ይሉኝ ነበር... እኔ እስከ ዛሬ አህያ ኖሮኝ አያውቅም።