ከዳንኩ በኋላ ያበጠው ክንዴ

በጃንሆይ ዘመን ጎባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጡቴ ላይ አንዲት እብጠት ወጣችና አዲስ አበባ ሄጄ ታየሁ። ነቀርሳ ነው ተባለ፤ ቀኝ ጡቴ ከነብብት እጢው ተቆርጦ ወጣ። ከሆስፒታሉ የምወጣ ዕለት ፈረንጁ ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ። ክንዱን ይደባብሳል፣ ጣቱን ያወዛውዛል፣ ደግሞ ይቀጥላል። አስተርጓሚዋ ነርስ እስኪጨርስ ጠብቃ፣ «ድነሻል ነው የሚሉት» አለችኝ። ለአንዲት ቃል ያን ያህል የሚለፋ ቋንቋ አሳዘነኝ።

ጎባ ስመለስ ጠያቂው ጎረፈ። ሁሉም «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» ይልና ዓይኑን ደረቴ ላይ ጥሎ የቀረው የትኛው እንደሆነ ይመረምራል። እንዳይቸገሩ ብዬ በቀኝ በኩል ዞር እልላቸው ነበር።

ዓመት ሳይሞላኝ ክንዴ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ አምባሬ ጠበበኝ፤ ቀጥሎ የሹራቤ እጅጌ አላስገባ አለኝ። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ይፍረድልኝ። ጣቶቼ ከመነፋታቸው የተነሳ አንድ ፊደል ስመታ ሁለት ይወጣል።

ባሌ አገር ውስጥ መድኃኒት ቢጠፋ ምክር አይጠፋም። የሰፈራችን ነጋዴ «የአዲስ አበባ ምግብ ተስማምቶሻል!» አለኝ፤ ውፍረቱ አንድ ክንድ ብቻ መርጦ መስፈሩ አላስገረመውም። አለቃዬም በበኩላቸው አሰቡልኝ።

«በግራ እጅሽ ለምን አትመቺም?»

«እርስዎ በግራ እጅዎ ይፈርማሉ ጌታዬ?»

«እኔማ ጤነኛ ነኝ!» አሉ ተቆጥተው።

የባለቤቴ እህት ግን በምክር ብቻ አልቆመችም። «መጥፎ ደም ነው፤ መውጣት አለበት» ብላ ዋግምት የምታደርግ ሴት ይዛብኝ መጣች። ሴትየዋ ክንዴን በምላጭ በጥታ ቀንዷን ደፋችበት። መጥፎው ደም ወጣ፤ ጥሩው ተከተለው። በማግስቱ ክንዴ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ትኩሳቱ አንቀጠቀጠኝ። የባለቤቴ እህት «ሲድን እንዲህ ነው» እያለች ታጽናናኛለች።

ያን ቀን የጓሮ ጎረቤቴ፣ አንዲት የኦሮሞ ሴት፣ ወተት ይዛ ገባች። «አካም ጂርታ?» ብላ ሰላም አለችኝና ክንዴን ስታይ የያዘችውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያማል?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ድረስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልስ ስላላዘጋጀሁ አለቀስኩ። «ያ ረቢ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላ ባለቤቴ ላይ ጮኸችበት። እሱም ከእህቱና ከጎረቤቴ የትኛዋን ይበልጥ እንደሚፈራ ለካና አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ።

አዲስ አበባ በመርፌ ላይ መርፌ ወጉኝ፤ ሁሉንም በግራ ክንዴ። ትኩሳቱ ሲበርድልኝ ያው ሐኪም መጥቶ ያንኑ ረጅም ንግግር ጀመረ። ያችው ነርስ አፏን ስትከፍት፣ «እህቴ፣ ዛሬ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ» አልኳት።

«እጢው ሲወጣ የክንድሽ ውኃ መውረጃ ያጣል፤ ስለዚህ ሊያብጥ ይችላል። አትቆረጪበት፣ አትወጊበት፣ ከባድ አታንሺበት፤ ስትተኚ ከፍ አድርጊው፣ በፋሻ እሰሪው ነው የሚሉት።»

«ባለፈውስ ይህንኑ ብለው ነበር?»

«ብለው ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። «ያኔ ግን በጣም ደስ ብሎሽ ነበር፤ ላበላሽብሽ አልፈለግሁም።»

እንዲህ ያለ ደግነት ሊገድለኝ ምን ያህል እንደቀረበ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። «ይሄስ ይድናል?» አልኩ። አሁን ነርሷ ሐኪሙን ሳትጠይቅ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «ከሱ ጋር ትኖሪያለሽ።»

ኖርኩም። አለቃዬ ከታይፕ አንስተው መዝገብ ቤት አዛወሩኝ፤ እዚያ ግራ እጅም ይበቃል። የባለቤቴ እህት ክንዴን ባየች ቁጥር «ዋግምቱ ባይደረግልሽ ኖሮ ይብስ ነበር» ትላለች፤ እኔም «እግዜር ይስጥሽ» እላታለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ጎረቤቴ ሮቤ ገበያ ወደምታውቀው ልብስ ሰፊ በጋሪ ወሰደችኝ። ሰውዬው ሁለቱን ክንዶቼን ለክቶ ግራ ተጋባና፣ እንዳያሳፍረኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለቱንም እጅጌ እኩል ላስፋው?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «ቀኙን ብቻ አስፋው፤ ግራው ከሰፋ ብርድ ያስገባል።»