የአራት ሰው ገበያ

ባጃጅ ሶዶ ገብቶ ከተማውን በወረረበት ሰሞን እኔ በከተማው መርካቶ ጫፍ ላይ የብስክሌት መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ብስክሌት በሰዓት እያከራዩ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ብስክሌታቸውን ለቤሌ ገጠር ገበሬ ሸጠው የባጃጅ ወረፋ ይጠብቃሉ። እኔ ሰንሰለቴን ደርድሬ አቧራውን አራግፋለሁ። ይህን የማነሳው ቀጥሎ ለሠራሁት ሞኝነት ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ሥራ የፈታ ነጋዴ የነገሩትን ሁሉ ይሰማል።

አንድ ጠዋት የከተማው የሰርከስ ክበብ አሠልጣኝ መጣ። የስፖርት አስተማሪ ነው፤ እሑድ እንኳ ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ብብቱ ሥር አንድ ጎማ ይዟል፤ ጎማው ላይ አንድ ኮርቻ ተተክሎበታል።

«ሌላውን ግማሽ ለማን ሸጥከው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሲሠራም እንዲህ ነው። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ይባላል። የሚረዳን ድርጅት ከውጭ አምጥቶ የሰጠን ነው። አራት አለን፤ ሦስቱ ተሰብረዋል።»

«ሰው ሁለት ጎማ አንሶት ባለ ሦስቱን ይገዛል፤ አንተ ደግሞ ትቀንሳለህ።»

የተሰበረውን አገላብጬ አየሁት። በሌላው ብስክሌት ፔዳሉ ሰንሰለት ይጎትታል፣ ሰንሰለቱ ጎማውን ያዞራል፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ ይከፋፈላል። በዚህኛው ፔዳሉ የተሰካው በቀጥታ ሞዞው፣ ማለትም የጎማው እምብርት ውስጥ በሚያልፈው አክስል ላይ ነው። የሚነዳው ልጅ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተወዛወዘ ቁጥር ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው በዚያች ጣት በምታህል ብረት ላይ ነው። የተሠራው ደግሞ ወለሉ ለለሰለሰ አዳራሽ ነው፤ የክበቡ ልጆች የሚለማመዱት ጠጠር በፈሰሰበት ሜዳ።

የለም ብዬ ማሰናበት ስችል ይዤው ቶርኖ ቤት ሄድኩ።

የቶርኖው ባለቤት ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ያንን አሮጌ ማሽን ሐዋሳ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ሠርቶ ባጠራቀመው ደመወዝ ገዝቶ የመጣ፣ ሲሠራ መዝሙር የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ቶርኖ በቤት መብራት አይነሳም፤ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል። ያንን መስመር ያገኘው በማኅበር ለተደራጁ ተብሎ ከተማው ከሠራቸው የቆርቆሮ ሼዶች በአንዱ ነው። ሼዱ የተሰጠው ግን በቅድመ ሁኔታ ነበር፤ እስከ ሰኔ ድረስ ከውጭ የሚገባ ዕቃን የሚተካ ምርትና የተፈረመ የግዢ ውል ካላቀረበ ወረፋ ለሚጠብቅ ይተላለፋል። ሼዱ ከሄደ ቶርኖው ድስት መደርደሪያ ነው።

የሼዱን ጉዳይ የያዘው የከተማው ኦፊሰር ጠዋት አዳራሽ ሰብስቦን ነጋዴውን ኪራይ ሰብሳቢ ሲል ያረፍድና ከሰዓት ሱቄ መጥቶ ወንበር ይጠይቃል። የአክስሉን ነገር ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ይሄ ልማታዊ ሐሳብ ነው» አለ። «ማኅበሩ አምስተኛ አባል ጎድሎታል። እርስዎ ይግቡ።»

«ጠዋት ኪራይ ሰብሳቢ አላልከኝም?»

«እሱ በጥቅሉ ነው።»

ገባሁ። ሦስቱ አባላት ዲምቱ የሚኖሩ የቶርኖው ሰው ዘመዶች ናቸው፤ ከፊርማቸው በቀር ሼዱን አያውቁትም። ሥራውን የምንሠራው ሁለት ነን፤ እሱ ይሠራል፣ እኔ ገበያ አፈላልጋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሞኝ አልነበረም። እንዳለ የውጩን ልቅዳ አላለም። መጀመሪያ ሱቄ ገብቶ መደርደሪያዬን አየ። «አክስሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ በየትም የሚገኝ ይሁን፤ የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታ። እኔ የምሠራው ገበያ ላይ የሌለውን ብቻ ነው» አለ። አክስሉን ከተጣለ የጭነት መኪና ብረት ቀረጸው። የፓምፑ ኩሽኔታ ወፈር ስለሚል ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘውን ሹካ ጫፉን ቆርጦ አሰፋው። ሦስቱንም ተሰባሪ አደሰ፣ አራተኛውንም ሳይሰበር ቀየረው። ክበቡ ውስጥ የምትነዳ የዝንጅብል ነጋዴ ልጅ አለች፤ ወጥታበት ጠጠሩን ሁለት ጊዜ ዞረችና «አሁን ብስክሌት ሆነ» አለች። ከዚያ ወዲህ አንዱም አልተሰበረም።

ችግራችን የጀመረው ያኔ ነው። አንዱን አክስል ለማውጣት ቶርኖውን ማስተካከል ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከተስተካከለ በኋላ አንዱን መቅረጽ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ሃያ ቢሠራ አንዱ እንደ ዳቦ ይረክሳል፤ አራት ሲሠራ ግን አንዱ ከሙሉ ብስክሌት ይወደዳል። ገበያው ደግሞ አራት ነጂ ነው። የአራቱም አይሰበርም። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ በሁለት ወር የሚያልቅ ዕቃ ሸጬ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

«ኢሻ፣ ትንሽ ለስለስ ያለ ብረት ብትጠቀም?» አልኩት፤ ወንድሜ ማለቴ ነው።

«ልጅቱ ላይ?»

«በጥቅሉ ነው እንጂ።»

መዝሙሩን ቀጠለ።

ኦፊሰሩ ሥልጠና አዘጋጀልን። የሚሰጠው ከሌላ ከተማ የመጣ ከረባት ያሰረ ወጣት ነው፤ ግድግዳ ላይ ምስል እያበራ ስለ ጠባብ ገበያ ጥቅም ለሦስት ቀን አወራ። ውድድር የሌለበት ገበያ ወርቅ ነው አለ። ለምን ውድድር እንደሌለው ግን አልጠየቀም። «የገበያችሁ ስፋት ስንት ነው?» ሲል ደንበኛ ተብሎ የተጋበዘው የክበቡ አሠልጣኝ ተነስቶ «አራት» አለ። ወጣቱ ሰሌዳው ላይ አራት ብሎ ጻፈና ከጎኑ ወደ ላይ የምትወጣ ቀስት ሳለ። ያቺ ቀስት በኦፊሰሩ ዕቅድ ውስጥ ሁለት መቶ ሆና ወጣች። እኔም አበል ተቀብዬ ፈረምኩ።

ተስፋ ያደረግነው አንድ ነገር ነበር። ብስክሌቶቹን የሰጠው ድርጅት በሌሎች ከተሞችም የሰርከስ ክበቦችን ይረዳል። የድርጅቱ ተወካይ ሴትዮ ልትጎበኝ ትመጣለች፤ ለሁሉም ክበቦች የዓመት መለዋወጫ ከእኛ ለመግዛት ውል ልትፈርም ትችላለች ተባለ። ያ ውል ከተፈረመ ሼዱ ተረፈ።

የጉብኝቱ ቀን የቶርኖውን ሰው ሼዱ ውስጥ አዳዲስ አክስሎችን ወልውሎ፣ ከቤቱ ባመጣው የጠረጴዛ ልብስ ላይ ደርድሮ አገኘሁት። ሸሚዙን ተኩሷል። እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ የገባው።

«ይሄን ሸፍነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ፈረንጅ ኪሱ የሚከፈተው ሲያዝን ነው። ያማረ ዕቃ አይታ ምን ያሳዝናታል? የተሰባበረውን አውጣ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ውሸት አይደለም?»

«ውሸት አይደለም፤ ሸራ ነው።»

ሸራውን በገዛ እጄ አለበስኩበት። የድሮውን ስብርባሪ ከነዝገቱ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። ልጅቱን ጠርቼ «እየተንገዳገድሽ ንጂ፣ አንዴም ብትወድቂ አይከፋም» ብላት ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«መውደቅ ካስፈለገ እርስዎ ይውጡበት።»

ሴትዮዋ መጣች። ልጅቱ ሳትንገዳገድ እጇን አጣምራ ዞረች፤ ሴትዮዋ ግን ዓይኗ ስብርባሪው ላይ ቀረ። አንዱን ስባሪ አንስታ መዳፏ ላይ አድርጋ ፎቶ አስነሳች። በአስተርጓሚ «በዚህ ሁኔታ እንዴት ትችሉታላችሁ?» አለች። የቶርኖው ሰው አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት። የክበቡ አሠልጣኝ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። እንባዋ መጣ። እኔ በሆዴ ውሉ አለቀ እላለሁ።

ኦፊሰሩ ወረቀቱን አቀረበላት። ወረቀቱን መለሰችለትና ረጅም ነገር ተናገረች።

«ከውል የተሻለ ነገር አደርጋለሁ ትላለች» አለ አስተርጓሚው።

ኦፊሰሩ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ያላጨበጨበው የቶርኖው ሰው ብቻ ነው፤ ሸራውን ያይ ነበር።

የተሻለው ነገር በግንቦት በካርቶን መጣ። አርባ ሞዞ ከነአክስሉ፣ በነፃ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። ለሌሎቹ ከተሞችም እንዲሁ ተልኳል። በዋጋ የሚወዳደረኝን ነጋዴ አውቅበታለሁ፤ ሚዛኑን አያለሁ፣ ጥራቱን አማለሁ፣ ደንበኛውን ሻይ እጋብዛለሁ። በነፃ የሚሰጥን ሰው ግን በምን ታማዋለህ? ለዚያውም እኔ ነኝ የጠራሁት። የተወለወለውን አሳይተናት ቢሆን ትገዛ ነበር አልልም። የተሰበረውን ስላየች ግን ሰበራችንን ጠገነችልን፤ ሥራችንን አላየችም፤ ምክንያቱም ሸራ ለብሷል።

በሰኔ ኮሚቴው ሼዱ ድረስ መጣ። ውሉ የታለ አሉ። የለም አልን። ሁለት መቶ ብሎ ያቀደው ኦፊሰር ተነስቶ ነፃ ዕቃ በሚገባበት ገበያ ማምረት አዋጭ አይደለም ብሎ አስረዳ፤ ሲያስረዳ ራሱም የተማረበት ይመስል ነበር። የቶርኖው ሰው የሚናገረው ካለ ተጠየቀ። ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ «የለኝም» አለና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሼዱን ሲሚንቶ የሚያከማች ማኅበር ወሰደው። ሲሚንቶ ባለ ሦስት ፌዝ አይፈልግም።

የቶርኖው ሰው ማሽኑን ፈታትቶ በጭነት መኪና ወደ ቦዲቲ ወሰደው። በጸሎት ቤት የሚያውቀው ሰው እዚያ ወፍጮ ቤት አለው፤ ወፍጮም በባለ ሦስት ፌዝ ነው የሚሠራው። ጥግ ሰጠው። ወፍጮና ቶርኖ አብረው ከተነሱ መብራቱ ስለሚወርድ እሱ የሚሠራው ወፍጮው ሲያርፍ ነው። የእኔ አባልነት በዚያው ቀረ።

ክረምቱ ሳይወጣ የክበቡ አሠልጣኝ ሱቄ መጣ።

«ጋሼ፣ የስጦታው ሞዞ ሹካው ውስጥ ይዋልላል።»

«ሹካው ለፓምፕ ኩሽኔታ ሰፍቷል። የተሠራው አክስል ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ግን ሪፖርት አለ። ልጆቹ በስጦታው ላይ ተቀምጠው ፎቶ መላክ አለብኝ።»

ደህናውን አውልቆ የማይገባውን ለማስገባት ሦስታችን ቦዲቲ ሄድን፤ አሠልጣኙ ካርቶኑንና ሌሎቹን ሦስት ብስክሌቶች አስጭኖ፣ ልጅቱ የራሷን ታቅፋ። እኔ የሄድኩት ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም። ወፍጮ ቤቱ በበቆሎ ዱቄት ነጥቷል፤ የቶርኖው ሰው ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ሰላም አለኝ፤ አልተቀየመኝም፤ መቀየም ይሻለኝ ነበር። ከካርቶኑ አንዱን አውጥቶ በጥፍሩ ፋቀው።

«ጥሩ ብረት ነው» አለ። «ቀለበት ሠርቼ ሹካውን አጠብብልሃለሁ።»

«ለዚህ የተያዘ በጀት የለም» አለ አሠልጣኙ። «ስጦታ ስለሆነ ወጪ አይያዝበትም።»

ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ የወፍጮ ተራ የምትጠብቅ ሴት «ለዚህ ለግማሽ ዕቃ ብላችሁ ወፍጮውን ልታስቆሙብን ነው?» አለች።

«ፎቶው ሲያልቅ የራሴን መልሱልኝ» አለች ልጅቱ።

እኔ በልቤ ማስላት ጀምሬያለሁ፤ የቀለበቱን ሥራ፣ የወፍጮውን ሰዓት፣ ስንት እንደሚባልና ስንት ላይ እንደሚወረድ። አፌን ከመክፈቴ በፊት የቶርኖው ሰው ካርቶኑን ወደ ራሱ ጎተተ።

«አራቱን አስተካክዬ አስገባለሁ። ሠላሳ ስድስቱን ለእኔ ትተዋለህ። ወፍጮው ላይ ቶሎ እየተበላ የሚያልቀውን ፒን ከአክስላቸው እቀርጻለሁ፤ በዚህ አካባቢ ያለው ወፍጮ ሁሉ ይፈልገዋል።»

«ውሰደው፤ ቢሮ ውስጥ ቦታ ይዞብኛል» አለ አሠልጣኙ።

ተጨባበጡ። ሴትዮዋ እያጉረመረመች ጆንያዋን ወደ ጥግ ሳበች፣ ወፍጮው ቆመ፣ ቶርኖው ተነሳ። እኔን ዋጋ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።