ጎኑ ያልታመመውን ሰው ፍለጋ

ማለዳ ከምኖርባት ዱርቤቴ ተነሣሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ ባሕር ዳር የሐኪም ቀጠሮ እንዳለኝ ነግሬያቸዋለሁ፤ እውነት ነው። ያልነገርኋቸው ሌላው ምክንያት ቅናት ነው።

አምና አዲስ አበባ ለሳንባ ካንሰር ቀዶ ጥገና ስተኛ፣ አጠገቤ የጣና ዳር ታንኳ ሠሪው ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለታችንንም ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ፍርሃት፣ ቀድሞ ያመን ስለነበረ ቦታ ጠየቀን። እኔን የቀዶ ጥገናው ሕመም ቶሎ ሊለቀኝ እንደሚችል ነገረኝ። ጋሽ እንድሪስን ግን ቀድሞም ትከሻቸውን ይጠዘጥዛቸው ስለነበር ለወራት ሊሰነብትባቸው እንደሚችል ነገራቸው። «ግምት ነው» አለ።

ዛሬም ሸሚዝ ሲነካኝ ጎኔ ይነድዳል። ጋሽ እንድሪስ ግን በደወልሁ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

መንገድ ላይ

መሸንቲ ስንደርስ ሚኒባሱ የበርበሬ ጆንያ ጫነና ጆንያው ወደ እኔ ተገፋ። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴውን ሜዳ ያየሁት ጎኔን በክንዴ ደግፌ ነው።

ጣና ዳር

ጋሽ እንድሪስ የታንኳውን የደንገል እስር በጉልበታቸው ተጭነው ገመድ ይስባሉ። እኔ የጫማዬን ክር ለማሰር እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነው የማጎነብሰው።

«ጋዜጠኛው መጣ» አሉ። «ምነው እንደ ሙሽራ ቀስ ትላለህ?»

«እርስዎ ግን ጎረምሳ ሆነዋል።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የተጠበሰ ቆሮሶ አቀረቡልን። ዓሣው ጥሩ ነበር፤ አልጣመኝም። ጋሽ እንድሪስ ለሶላት ሲወጡ «መዳናቸው ያስቀናል» አልሁ።

«የምን መዳን? ተቀምጦ እኮ ነው የሚያድር። ጀርባዬን ተደግፎ።»

«ደህና ነኝ ይሉኛል።»

«እንዴት ነህ ላለ ሰው ምስጋና ነው የሚቀድም። ሁለተኛ ለጠየቀው ግን ሕመሙን ይናገራል። ሐኪሞቹ አንዴ ጠይቀው ያልፋሉ፤ አንተም እንደዚያው።»

አዘንሁ ለማለት ይቀለኛል። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን እፎይታ ነው።

ሆስፒታል

በማግሥቱ የሁለታችንም ቀጠሮ ነበርና ሦስታችንም አብረን ሄድን። ወጣቷ ሐኪም «አባባ፣ ጎንዎ እንዴት ነው?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ።»

ጽፋ ልታልፍ ስትል «ዶክተር፣ እሱ ሰላምታ ነው» አልኋት። «አሁን ይጠይቋቸው።»

ጋሽ እንድሪስ ገላመጡኝ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባባ፣ ጋደም ብለው ያድራሉ?»

ወደ ሚስታቸው አዩ። «አልችልም፣ ልጄ» አሉ፤ ከዚያ ማቃጠሉን፣ መውጋቱን፣ ሁሉንም ዘረዘሩላት። ለሁለታችንም የነርቭ ሕመም ማስታገሻ አዘዘች። ያስታግሥላችኋል አለች እንጂ ያጠፋላችኋል አላለችም።

ስንወጣ ጋሽ እንድሪስ «ወሬኛ» አሉኝና ክንዴን ያዙ።

ዱርቤቴ

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። የሐኪሙ ግምት በእኔ ስቷል፤ በእሳቸው ግን ደርሶ ሳለ ከሚስታቸው በቀር ማንም አላወቀም፤ ሁለተኛ የጠየቃቸው አልነበረማ። ይህን ተምሬ መጥቻለሁ። ቅናቱም መልኩን ለውጦ አብሮኝ መጥቷል። ሲመሽ ትራስ ደርድሬ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥሁ። ግድግዳው ይቀዘቅዛል።