ዲስክ ላይ ያልነበረው ቃል

በምዕራብ ጎጃም፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ወረዳ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተሮች የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። ሥራዬ የሚገባው ሰው ስላልነበረ የሚቆጣጠረኝም አልነበረም። ያኔ ይህ ያኮራኝ ነበር፤ አሁን ያሳፍረኛል።

የመሬት መዝገቡ ፕሮግራም አርጅቶ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ አለ። ስለዚህ በዋናው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፈጠርኩለት። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል፤ በእጅ የማይዳሰስ፣ በሌላው ሆድ ውስጥ የሚኖር ኮምፒውተር ነው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ቦታ መስጠት ነበረብኝና ዲስኩ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ከፍቼ ሰጠሁት። ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ነው። ሌላው ኮምፒውተር መብራት ሲሄድበት በሜሞሪው የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ የዚህ ግን ዲስክ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን መብራት ድርግም ብሎ መዝጋቢያችን ሴቭ ያላደረጉት ገጽ ሲጠፋባቸው፣ ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት ፋይሉን ገልብጬ፣ ውስጡን በርብሬ ቃል በቃል አወጣሁላቸው። ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ «አንቺስ የሞተ ታስነሻለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማሽኑ ያልኩትን ሁሉ ያምኑ ነበር።

በእኛ አገር የመሬት ነገር በአንድ ሰው ቃል አይዘጋም። አራቱ አዋሳኞች ተጠርተው እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ይናገራሉ፤ በመጨረሻ ተሰብስበው በአንድ ወረቀት ላይ አሻራቸውን ያኖራሉ። አንዱ ሳይናገር መዝገቡን መዝጋት እሱን መናቅ ነው፤ ማንም አይደፍረውም። ፕሮግራሙ ደግሞ አንዴ ሴቭ የተደረገን ገጽ አያስነካም። ስለዚህ መዝጋቢው የመጡትን ሰዎች ቃል ጽፈው ገጹን ክፍት ይተዉትና ቀሪውን ይጠብቃሉ፣ ሦስት ቀንም ይሁን ሦስት ሳምንት። ወረቀት ላይ ልጻፈው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ምን አደከመዎት አያ፣ እዚሁ ይቀመጥ፣ አይጠፋም» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት በርበሬ የሚያወጣ አንድ ማሳ ነበራቸው። ከዚያ በቀር ልጆቻቸውን የሚያበሉበት ነገር አልነበራቸውም። የባላቸው ወንድም፣ ማሳው የኔ ነው፣ ለሟች በአደራ ነበር የሰጠሁት ብሎ ተነሣ። ሦስቱ አዋሳኞች ከድንበራቸው በላይ የሚያውቁት አልነበረም። እውነቱን የሚያውቁት በምሥራቅ በኩል የሚያርሱት አንድ መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ታመው ነበር፤ በበቅሎ ደግፈው አመጧቸው።

«መሬቱ ሲከፋፈል ገመዱን የያዝሁ እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታው፣ በየቃሉ መሀል እየተነፈሱ። «ዕጣው ለሟች ነው የወጣ። ወንድሙ ድርሻውን ከወንዙ ማዶ ወስዷል። እንግዲህ ይኸን ጻፉልኝ፣ ሌላ ቀን አልመጣም።»

መዝጋቢው አንድም ሳያስቀሩ ጻፉ። ሴትየዋ ከበሩ አጠገብ ቆመው አለቀሱ። ሌሎቹ ሁለት አዋሳኞችም ቃላቸውን ሰጡ፤ አራተኛው ግን ቡሬ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ገጹ ክፍት ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በፊት ባለጉዳይ በዝቶ ማሽኑ ተንቀራፍፎብን ነበር። ዲስኩ ስለሚንቀራፈፍ የሜሞሪውን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩት። ሰርቨሩ ላይ እንደ ማንኛውም ፎልደር የሚታይ አንድ ፎልደር አለ፤ ግን ዲስክ ላይ አይደለም ያለው፣ የሰርቨሩ የራሱ ሜሞሪ ላይ ነው። ፈጣን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ለሁለት ቀን ብዬ አዛውሬው፣ ሥራው ሲቀልና ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ብሎኝ፣ እዚያው ተውኩት። ለመዝጋቢው አልነገርኳቸውም።

መሪጌታው በአሥረኛው ቀን ዐረፉ። እኛም ቀብር ደርሰን ተመለስን። በማግሥቱ ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ የሰርቨሩ ባትሪ ካበጠ ቆይቶ ነበር፣ ለጄኔሬተሩም ናፍጣ አልነበረም።

መብራት ሲመለስ መዝጋቢው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «በይ እንዳለፈው አውጪው» አሉኝ፣ ምንም ሳይጨነቁ። ፎልደሩን ከፈትኩት። ባዶ ነበር። «መብራቱ አበላሽቶታል» አልኳቸው። ተነሥተው ሄዱና፣ መሪጌታው ሲናገሩ የሰማሁትን እኔ ልጻፍ ብለው የወረዳውን የመሬት ኮሚቴ ጠየቁ። አዋሳኝ አይደሉም ተብለው ተመለሱ።

ለሴትየዋ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የመጡት በእግራቸው ነው፣ ነጠላቸው አቧራ ለብሶ። መብራት ነው አልኩ ደግሜ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። እጄን ያዙኝና፣ «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ የመብራት ነገር በማን እጅ ነው? ፊትሽ ጠቁሯል፣ እህልም አልቀመስሽ» አሉኝ። የዚያን ቀን ራሴን ጠላሁ። ግን እውነቱን አልተናገርኩም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም።

ክረምቱ ሳይገባ አዋሳኞቹ እንደገና ተጠሩ። በምሥራቅ በኩል የመጣው የመሪጌታው ወራሽ የሆነ ጎልማሳ ነው። እኔ የማውቀው ማሳው የወንድምየው መሆኑን ነው አለ፤ ከማን ጋር ሲውል እንደሰነበተ ሁላችንም እናውቃለን። አራቱም አሻራቸውን አኖሩ፣ መዝጋቢው ሴቭ አደረጉት።

ማሽኑ በዚያን ጊዜ እንከን አልነበረውም። የሜሞሪውን ፋይል ወደ ዲስክ መልሼ፣ ከፍኖተ ሰላም አዲስ ባትሪ አምጥቼ ነበር። መዝገቡንም በየቀኑ ሁለት ቦታ እገለብጠዋለሁ። ማሳው የወንድምየው ነው ከሚለው ገጽ ላይ እስካሁን አንዲት ፊደል አልጠፋችም።