ኮረብታው ላይ የተሰጠው ትምህርት

በ2021 መጸው፣ እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመምህራንን የማስተማር ሥራ በሚገመግም ቢሮ እሠራ ነበር። ክፍል ገብቼ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ የተማሪዎችን አስተያየት አነባለሁ፣ ነጥብ እሰጣለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚያስተምሩትን መምህርት እንድገመግም መደበኝ።

«ተማሪዎች እያጉረመረሙ ነው። ኮርሱ በእሳቸው መቀጠሉ የሚወሰነው በዚህ ግምገማ ነው» አለኝ።

መምህርቷ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ሕዝባቸው ድሮ የኖረው እዚሁ ኦሃዮ ነበር፤ መንግሥት አፈናቅሎ ወደ ምዕራብ ሰደዳቸው። እሳቸው ተወልደው ያደጉት ኦክላሆማ ነው፤ ወደዚህ የመጡት ለማስተማር ነው። ቢሮአቸው ሄጄ ራሴን ሳስተዋውቅ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ስለ አገርሽ ሌላ ሰው ሲያስተምር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ኮሌጅ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ስለ ኢትዮጵያ ሊያስረዳ ተነስቶ የረሃብ ፎቶ ብቻ አሳይቶን ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የገመገምኩት ክፍል የተካሄደው ውጪ ነው። ደብሊን ወደምትባለው የጎረቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጥንት ሰዎች አፈር ቆልለው የሠሩት የመቃብር ኮረብታ አለ። ዙሪያው መኖሪያ ቤት ነው። ተማሪዎቹ በኮቪድ ምክንያት ማስክ እንዳደረጉ ከብበው ቆሙ። አንዱ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ።

«እዚህ ሰው ተቀብሯል» አሉት መምህርቷ በዝግታ። «መጀመሪያ ዝም ብለን እንቁም።»

ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ያደገበት መሬት ቀድሞ የማን እንደነበረ እንዲናገር ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም። አንዲት ልጅ «አያቶቼ ትልቅ እርሻ አላቸው። የማን እንደነበረ ጠይቄ አላውቅም» አለችና ፊቷን አዞረች። የግምገማ ቅጼ ግን የሚጠይቀኝ መምህርቷ ስላይድ መጠቀማቸውን፣ የዕለቱን ዓላማ በግልጽ ማስቀመጣቸውን ነበር። የነጥቡን ቦታ ባዶ ትቼ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ።

አለቃዬ አንብቦ መለሰልኝ። «ነጥብ የት አለ?»

«ቅጹ ለእንዲህ ዓይነት ትምህርት አልተሠራም። ከነባር ሕዝቦች መካከል የሆነ፣ ትምህርቱን የሚያውቅ ገምጋሚ ይጨመር» አልኩት።

«ለዚያ ጊዜ የለንም።»

ማታ ሂልቶፕ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው ተናደደ። «ሁላችንም የጤና ኢንሹራንስ ያለን በአንቺ ሥራ ነው። ለማታውቂያት ሴት ብለሽ ከአለቃሽ ጋር ትጣያለሽ?» በማግስቱ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። የእኔ ሪፖርት ተተወና የተማሪዎቹ አስተያየት ብቻ ተደምሮ ተወሰነ። አንዱ «የመጣሁት ስለ ድሮ ልማር እንጂ ስለ ዛሬ ልወቀስ አይደለም» ብሎ ጽፎ ነበር።

የመምህርቷ ኮንትራት አልታደሰም። ስሰማ ኮል አደረግኩላቸው።

«ተከራክረሽ ነበር አሉ» አሉኝ።

«አልጠቀመም።»

«ለእኔ አልጠቀመም። ልጆቹ ግን ሌላ ሰው ይመጣላቸዋል፤ እሱ ደግሞ እንዴት እንደሚያስተምር አይተሽ ንገሪኝ» ብለው ተሰናበቱኝ።

በ2022 ኮርሱን አንድ ወጣት መምህር ተረከበው። ልብስ፣ ምግብና ጭፈራ በሚያማምሩ ስላይዶች አስተማረ፤ መሬቱ የማን እንደነበረ ግን አላነሳም። ያጉረመረመ ተማሪ አልነበረም፤ አለቃዬም ስብሰባ ላይ አመሰገነው። መምህርቷ ጋ ደውዬ ልነግራቸው ብዙ ጊዜ ስልኬን አንስቻለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።