ሙከይፉ ውስጥ የተገኘ ፓስፖርት

ዛሬ ሙቀቱ ሳይብስ ብዬ ክፍላችንን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ሙከይፍ ከፈትኩ። ውሃው የሚያልፍበትን አሮጌ ጭድ ሳወጣ በፌስታል የተጠቀለለ የዘሃራ ፓስፖርት ብቅ አለ።

ዘሃራ እዚህ ስደት ላይ፣ ዴም ሰፈር አብራን ትኖር ነበር። ብርዱ ሲገባ "በአውሮፕላን አገሬ ልገባ ነው" ብላ ተሰናብታን ሄደች።

የፖሊስ ፍተሻ ሲመጣ እንዳይወሰድብን ወረቀታችንን የምንደብቀው እዚያ ነው። በብርድ ሙከይፍ የሚከፍት እብድ የለማ።

አብራኝ የምትኖረው ሰዓዳ ፓስፖርቱን አይታ፣ "ያለ ፓስፖርት ምን አውሮፕላን አለ? ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ባሕር ልትሻገር በሊቢያ ነው የወጣችው" አለች።

የዘሃራ ስልክ ዝግ ነው። ደሴ፣ እናቷ ጋ ደወልኩ። ገና ሰላም ሳልል፣ "እሰይ ልጄ፣ እስቲ ዘሃራን አገናኚኝ፤ ድምጿ ከጠፋ ቆየ" አሉኝ።

"ሥራ ላይ ናት እማማ፣ ኢንሻአላህ ማታ ትደውላለች" አልኩ።

እንዲህ ዋሽታችሁ የምታውቁ እህቶች፣ ማታው ሲደርስ ምን አላችሁ?