የሌንሱ ቢጫ

እንዳሻው ሁለት ሌንስ አለው። ለጭሮ ከተማ ሰው ሁለቱም ያው ጥቁር ቱቦ ናቸው፤ ለእሱ ግን ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት አጎቶች ናቸው። አንዱን «ሽማግሌው» ይለዋል። ከእሱ በፊት ፎቶ ቤቱን ከያዙት ሰውዬ የወረሰው ነው፤ መስታወቱ በዕድሜ ብዛት ወይቦ ሁሉን ነገር ቢጫ ቢጫ ያደርጋል፣ ጥላውን ያለሳልሳል፣ የፊት ሽብሽብ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሌላው «ኮስታራው» ነው። አዲስ ነው፤ ነጩን ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ፣ ጥቁሩን ድፍን ጥቁር አድርጎ ያወጣል፣ የሙሽራም ቢሆን ቡግር አይምርም። ሙሽሮች ታዲያ «በዚያ በደጉ አንሳን» ይሉታል። ቢጫውን እሱ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ያጠፋዋል። የቦኬ ወረዳ ሠርግ፣ የመሰላ ወረዳ ምርቃት፣ ሁሉም ቢጫ ሆኖ ገብቶ ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ቢጫ ነገር ሲያይ አፉ ራሱ «የሌንሱ ነው» ይላል።

አንድ እሑድ የመምህርት ሳህሊቱን ልጅ የክርስትና ፎቶ ሊያነሳ ተጠራ። ሳህሊቱ ከጎጃም ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት፤ ባሏ ተስፋዓለም የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሕፃኑን፣ ኢያኤልን፣ የሰው ዓይን ፈርተው እስከ አርባ ቀኑ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር ያቆዩት። አራሷን ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ የሚያየው ጥቅል ጨርቅ ብቻ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዳሻው በሽማግሌው ጥቂት፣ በኮስታራው ጥቂት አነሳ። ሳህሊቱን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡት እናቷ፣ እማማ ማሚቴ፣ ሕፃኑን እንዳቀፉ አንገታቸውን አስግገው የካሜራውን መስኮት አዩ።

«እንዳሻው፣ ዓይኑ ቢጫ አልሆነም እንዴ? የወፍ በሽታ እንዳይሆን ብቻ!»

«ኧረ የሌንሱ ነው፣ እማማ» አለ እየሳቀ። «ይዩት፣ ነጠላዎም ቢጫ ሆኗል።»

እማማ ምስሉ ላይ ነጠላቸውን አዩ፤ እውነትም ቢጫ ነው። «እፎይ» ብለው ሕፃኑን መልሰው ጠቀለሉት።

ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ገብቶ ሥራውን ጀመረ። ቢጫውን ሲያወጣው የእማማ ነጠላ ነጣ፣ ግድግዳው ነጣ፣ የእማማ ዓይን ነጣ። የሕፃኑ ዓይን ግን አልነጣም። «ምን ያለው ግትር ነው!» አለና ዓይኑን ብቻ ለይቶ በእጁ ማጽዳት ያዘ። አንዱን ጨረሰ። ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል እጁ ቆመ።

በኮስታራው ያነሳውን ከፈተና አጎላው። ነጠላው በረዶ መስሏል። የተስፋዓለም ጥርስ፣ የክርስትና አባቱ ሸሚዝ፣ ሁሉም ቀዝቃዛ ነጭ ነው። መሐል ላይ የሕፃኑ ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ያየዋል። ኮስታራው ደግሞ ለሰው ቢጫ አያበድርም።

ጠዋት አያቲቱ በገዛ ዓይናቸው አይተው ነበር፤ ያዘናጋቸው እሱ ነው። ሳህሊቱ ጋ ደወለ፤ በድግስ መሐል ማን ስልክ ይሰማል? ካሜራውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሮጦ ወጣና የኢርሻድን ባጃጅ አስቆመ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?» አለ ኢርሻድ ፊቱን አይቶ።

«ሕፃን ታሟል። ንዳው!»

«አብሽር፣ አሁን እናደርስሃለን።»

መንገዱ አላልቅ አለው። ብሳሳትስ? በደስታቸው ቀን ሟርት ይዞ የገባ ፎቶ አንሺን ማን ደግሞ ይጠራዋል? ባልሳሳትስ? ይኼኛው የባሰ ነበር፤ ፈራ፣ ከልቡ ፈራ።

ድንኳኑ ውስጥ ጭብጨባው ደርቷል። ተስፋዓለምን ወደ ጓዳ ጎትቶ ነገረው።

«አብደሃል?» አለ ተስፋዓለም። «በክርስትናው ቀን ልጄን በሽተኛ ነው ትለኛለህ? አንድ ማሽን አይተህ?»

«ማሽኑን ተወው። ልጁን ወደ ብርሃን አውጡትና እዩት። ከተሳሳትኩ ስደበኝ።»

እማማ ማሚቴ ከኋላቸው ቆመው ሰምተዋል። «ጠዋት ምን ነበር ያልከኝ?» አሉት።

«የሌንሱ ነው አልኩዎት።»

«አሁንስ?»

«የልጁ ነው፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ መጋረጃውን ገልጠው ሕፃኑን አነሱና እንግዳው ሁሉ እያየ ወደ ደጅ ወጡ። የሰው ዓይን መፍራቱ ቀረ። ፀሐዩ ላይ ሲደርሱ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ዝቅ አደረጉ። ጭብጨባው ቆመ። «ወይኔ ልጄን!» ብላ ሳህሊቱ ስትጮኽ እንዳሻው መሬት መሬት አየ።

በዚያው በኢርሻድ ባጃጅ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ የሰገራውን ቀለም ጠየቀች፤ ሳህሊቱ እንደ ኖራ ነጭ ነው አለች። ከጡት ወተት ነው ብላ አልተጨነቀችበትም ነበር። የሐሞት ቧንቧው ሳይዘጋ አልቀረም፣ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ አንድ ቀንም መዋል የለበትም አለቻቸው። በነጋታው ማለዳ ተነሡ። እንዳሻው ሽማግሌውን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት፤ ጥፋቱ የሌንሱ እንዳልሆነ ቢያውቅም ሊያየው አልቻለም። የእነ ሳህሊቱን በር በሩን እያየ፣ ሰው ባወራ ቁጥር እየደነገጠ ከረመ።

ክረምቱ ሲወጣ እማማ ማሚቴ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ኢያኤልን አቅፈውታል፤ ጉንጩ ሞላ ብሏል።

«አንሳልን» አሉት።

እንዳሻው ኮስታራውን ካሜራው ላይ ገጠመና አነጣጠረ።

«ቆይ» አሉ እማማ። ሕፃኑን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፤ በአውራ ጣታቸው የዓይኑን ቆብ ዝቅ አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። እንዳሻው ካሜራውን እንደያዘ ጠበቀ። እማማ አልተጣደፉም፤ ሌላኛውንም ዓይን እንደዚያው አዩ።

«ነጭ ነው» አሉ ቀና ብለው። «በል፣ አሁን አንሳው።»